ጅራቱ እስኪበቅል

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» አሉ፤
የጋኑንስ እንጃ፣ ቆዳ ይከፍታሉ።

ደነባ፣ ከወፍጮ ቤቱ በር፣ ግንቦት፣ እኩለ ቀን፣
ከጋሪው ፈትቼ ጥላ ሥር ባቆመው ፈረሴን፣ ደመናን፣
ከዓይኑ ማዕዘን ጀመሩ፣ ብብቱን ይዘው በሆዱ፣
ቅልጥሙን ተከትለው እስከ ኮቴው ወረዱ።
ትንንሾቹ ግራጫ፣ ድምፅ ሳያሰሙ የሚቀመጡ፣
ትልልቆቹ እንደ ወፍጮው እያጓሩ የሚመጡ፣
ነክሰው ደም የሚያፈስሱ፣
ጠብታው ሳይረጋ ሊልሱት የሚመለሱ።

መሬቱን በእግሩ ይደልቃል፣
ቆዳውን ያርገበግባል፣
አንገቱን ወርውሮ ጎኑን ሊነክስ ይዞራል፤
ሁሉም ሲያቅተው
የሌለ ጅራቱን ያወዛውዛል።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ በበግ መሸለቻ መቀስ፣
ጥር ላይ፣ ጌጤነህ ትቶልኝ የሞተው ጋሪ ጎማው ፈንድቶ ሲያስለቅስ።
ጭራ ሠሪው ላቀው ከገበያው ዳር አየውና
«ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ የትልቅ ሰው እጅ ያምርበታል» አለና
ስምንት መቶ ብር ቆጠረ። እኔም አልተከራከርኩ፤
«በጥር ምን ዝንብ አለ? እስከ ክረምት ያድጋል» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ፀጉር ግን ገብስ አይደለም፣
በሦስት ወር አይደርስም።
ጅራቱ ስንዝር ሳይሞላ
ዝንቡ ቀጠሮውን አልሳተም።

ኩበት አጨስኩለት፤ እኔን አሳለኝ፣ እሱን አስነጠሰው፣
ዝንቡ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ጭሱ እስኪያልፍ ጠበቀው።
ከጋራዡ ልጅ፣ ከአብዩ፣ በሃይላንድ የተቃጠለ ዘይት ለመንኩ፤
ጎኑን ቀባሁት፣ ተለበለበ፣ በሳሙና እያጠብኩ አለቀስኩ።
«ቆዳ ነው እንጂ ሞተር መሰለሽ?» ብላ ሐኪሟ ተቆጣች፤
የሚረጨው መድኃኒት ካለቀ ሁለት ወሩ ነው አለች።
«ፋንድያውን ከበረቱ አርቂ፣ ጎህ ሲቀድ አሠሪው፣
ቀትሩን ጨለማ ቤት አስገቢው።»
ጨለማው ቤት እኮ የምተኛበት ነው!
እሺ፣ እሱንም አደረግኩት፤ ሥራ የሌለ ቀን ነው።

የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ ልብስ ሰፋሁለት፣
«ዩሪያ ሃምሳ ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ ቀረበት፤
ልጆቹ ከዚያ ወዲህ «ዩሪያ!» ነው የሚሉት።
የነጠላዬን ቁጭት ቆርጬ ከግንባሩ አንጠለጠልኩ፣ ዓይኑን እንዲጋርድለት።
የነጠላዬስ ቁጭት ይኸው ለሥራ ዋለ፤
የሌላው ቁጭቴ ግን እኔው ዘንድ አለ።

ትናንት ለቅሶ ቤት፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ተካልኝ
ከድንኳኑ ራስ ተቀምጠው ጭራ ሲያወዛውዙ ታዩኝ።
ነጭ፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ የገለባ ብጫ ያለበት፤
ከሺህ ጭራ መሀል ባየው አልስተውም፣ ስንቴ አበጥሬዋለሁ በውኃ ነክሬ ክረምት ከበጋ፣ ስንት ዓመት!
በድንኳኑ ሁሉ የነበረችው ዝንብ አንዲት ብቻ ነች፤
እሷም ንፍሮው ላይ ናት፣ እሳቸው ጋ አልደረሰች።
ቀኝ ይላሉ፣ ግራ ይላሉ፣ ባዶ አየር ይመታሉ፣
«አይ ዘመን» እያሉ ከጎናቸው ያለውን ሰው ያወጋሉ።
ልጠይቃቸው አሰብኩ። ግን ምን ተብሎ ይጀመራል?
በሰው ለቅሶ መሀል «የፈረሴ ጅራት ነው» ይባላል?
ብሩንም በልቼዋለሁ፣ ጎማውም ይሽከረከራል።

ዛሬ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዤ ከጎኑ ቆሜያለሁ።
እህል አስፈጪው ያልፋል፣ ሲስቅ እሰማዋለሁ፤
«ከሁለታችሁ ጌታው ማነው?» ይለኛል።
ክንዴ ዝሏል። አንዱ ዝንብ እኔኑ ነክሶኛል።

ጉማጁ ከልምዱ ይነሣል፣
ቅርንጫፌ ይከተላል፤
ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣
ወደ ቀኝ
ሲል
ወደ ቀኝ።